ድልድይ ተሻግሮ መፋታት

ግልዲንግ ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1994

ለውድ ኦኒታ፣

እግዜር ቤትሽን ያሙቅ፣ ጉልበትሽን ያጽና፣ ከጓዳሽ አያጉድል። በየገናው የምንላላከውን ካርድ ካልቆጠርነው ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። ስለዚህ ማን እንደሆንኩ ላስታውስሽ። እናቴና ያንቺ አያት እህትማማች ናቸው። አሜሪካን ትቼ ከሃስኬት ስወጣ አንቺ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ሻንጣዬን እስከ አውቶቡሱ ድረስ ይዘሽልኝ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ ቆመሽ ነበር። ዝምታሽን ወድጄልሽ ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽም ለሱ ብዬ ነው።

ላገባ ነው። በስልሳ ስምንት ዓመቴ። አትሳቂ፤ ወይም ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ። ሰውዬው አምብሮስ ፔሊ ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ የጀልባ ሞተር አንድ ጆሮውን ያደነቆረው ዓሣ አጥማጅ ነው። መንግሥት ዓሣው እያለቀ ነው ብሎ ባሕሩን ከዘጋባቸው ወዲህ እዚህ ያሉ ወንዶች ሥራ ፈተው ቤት ውለዋል። አምብሮስ ሹራብ መሥራት ተምሮ አንድ እጅጌ ከሌላው የረዘመ ሹራብ ሠርቶልኛል። ለብሼዋለሁ።

ችግሩ ቄሳችን ነው። «የፊተኛው ባልሽ የፍቺ ወረቀት የታለ?» አለኝ። እኔ ወረቀቱን አይቼው አላውቅም። በ1957 ቅጠል ሲረግፍ ወጥቼ እዚህ በአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ወጥ ቤት ገባሁ። ከገና በፊት ከባሌ ከሮይስ «አልቋል» የምትል አንዲት ካርድ ደረሰችኝ። እኔም አለቀ ብዬ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ። ቄሱ ግን ማኅተም ያለበት ግልባጭ ካላየሁ አላጋባም ብሏል።

እባክሽ ካውንቲው ፍርድ ቤት ሄደሽ አስወጪልኝ። በጁን መጨረሻ ካፕሊን የሚባለው ትንሽ ዓሣ ወደ ባሕር ዳር ሲወጣ ሁሉም ሊያፍሰው ስለሚወርድ እዚህ አገር ማንም ሠርግ አይመጣም፤ ሙሽራው ጭምር። ከዚያ በፊት መሆን አለበት። ለግልባጩ የሚከፈለውን አብሬ ልኬያለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ሮይስን እንዳትጠይቂ። አለ ወይ ሞተ ብዬም አልጠየቅሁሽም፤ አትንገሪኝም። እስከዛሬ ምንም ለምኜው የማላውቀውን ሰው ሙሽራ ስሆን አልለምነውም።

ዘመድሽ አርቬላ


ሃስኬት
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1994

ለክብርት እትዬ አርቬላ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ የያዙት ነገር ሁሉ እስከ ፍጻሜው ይባረክልዎ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። አልሳቅሁም፤ ትንሽ ፈገግ ብያለሁ።

የምሠራው ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ነው፤ ምሳ ካበላን በኋላ ነፃ ስለሆንኩ በዚያው ወደ ፍርድ ቤቱ ሄድኩ። ያውቁታል፤ የጣሪያው ሰዓት አሁንም ቆሟል። መዝገብ ቤቱን የያዘችው ግሌንዳ ማውክ አብራኝ ተምራለች።

«ማን ማንን ከሰሰ?» አለችኝ።

«ማንም ማንንም አልከሰሰም። ተፋቱ ነው የምልሽ።»

«ያኔ ዝም ብሎ የሚፋታ ሰው የለም፣ ኦኒታ። አንዱ ከሳሽ ነው፣ አንዱ ተከሳሽ። ማውጫው የሚሄደው በከሳሹ ስም ነው። ስም ስጪኝ።»

የባልዎን የአባት ስም፣ ቲግ አልኳት። ትልቁን ማውጫ እንደ በር ከፈተችው። አንድ ቲግ በአጥር ምክንያት ጎረቤቱን ከሷል፤ ሌላው በአህያ። በ1957ም ሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት የፍቺ መዝገብ የለም። ግሌንዳ እንደምትለው ሰው ዓመቱን ይስታል፣ የጠበቃውን ስም ይስታል፤ ስለዚህ የሚያስታውሱትን ሁሉ ቢጽፉልኝ መልካም ነው።

የላኩትን የካናዳ ብር መልሼ በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌያለሁ። ግሌንዳ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» ብላ ጠየቀች። ንግሥት ናት አልኳት። «እዚህ ካውንቲ ውስጥ ምንም አትገዛም» አለች። ለግልባጩ እኔ እከፍላለሁ፤ የሠርግ ስጦታ ይሁንልኝ።

እዚህ ሁሉም ደህና ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ታድሷል፤ የእናትዎ ቤት አጠገብ የነበረው የለውዝ ዛፍ በነፋስ ወድቋል። ስለ አንድ ሰው እንዳልጽፍ ስላዘዙኝ አልጻፍኩም።

ታዛዥዎ ኦኒታ


ግልዲንግ ኮቭ
ማርች 15 ቀን 1994

ለኦኒታ፣

ጤናሽን ይስጥሽ፣ ለእጅሽም ዋጋውን ይክፈልሽ። ደብዳቤሽ በበረዶ ምክንያት ዘግይቶ ደረሰኝ። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ከእኔ ቀድማ በብርሃን ልታነበው ሞክራ እንደነበር ፖስታው ይመሰክራል።

በእኔ ስም ፈልጊ። ምናልባት ከሳሽ እኔ ነኝ፤ ምን አውቄ። ከመውጣቴ በፊት አንድ ጠበቃ እቤታችን ድረስ መጥቶ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አስፈርሞኛል። ጥርሱን አሞት በአፉ ቅርንፉድ ይዞ ነበር። የማስታውሰው ሽታውን ነው፣ ስሙን አይደለም። ሳላነብ ፈረምኩ። የአባቴ ስም ስታምፐር ነው፣ በሱም እዪልኝ።

ለምን እንደወጣሁ አንቺም ጠይቀሽኝ አታውቂም፣ ሌላውም ሰው ወሬውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሮይስ ክፉ ሰው አልነበረም። ቤቱ ነበር የከበደኝ። እናቱ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን ትጫወት ነበር፤ በዚያ ቤት ማንኪያ እንኳ ሳህን ሲነካ ይቅርታ ይጠይቃል። አንድ ማታ ሴትዮዋ የምግቡን ጸሎት ስታስረዝም ድመቷ ከሳህኗ ላይ ዶሮውን ይዛ ወረደች። ሳቅ አመለጠኝ። ሮይስ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ። በዚያ ቤት ብቻዬን ስስቅ ስንት ዓመት ኖርኩ።

አምብሮስ ሙሉ ልብስ ገዝቷል። በየቀኑ ይለብሰውና መልሶ ይሰቅለዋል። ፍጠኚልኝ፣ ሳያልቅበት።

አርቬላ


ሃስኬት
ኤፕሪል 5 ቀን 1994

ለእትዬ አርቬላ፣

የበዓሉ ደስታ እስከ ቤትዎ ይድረስ። እኛ ዘንድ ፋሲካ በዝናብ አለፈ።

በእርስዎ ስም ፈለግን፤ በቲግም በስታምፐርም የለም። ግሌንዳ ምድር ቤት ወርዳ ማውጫ ውስጥ ያልገቡትን ሳጥኖች ሁሉ ከፈተችልኝ። ሸረሪት እንጂ ፍቺ አላገኘንም። አዝኜ ስወጣ ደጃፉ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሸርማንና ኮይ ተቀምጠው እንጨት ይልጋሉ። ያስታውሷቸው ይሆናል፤ ያኔ ጎረምሶች ነበሩ፣ አሁን ወንበሩ የነሱ ሆኗል።

ሸርማን «ምን ጠፋብሽ፣ ኦኒታ?» አለኝ።

«የድሮ ፍቺ።»

«በሃስኬት የተፋታ ሰው አለ እንዴ? እዚህ ሰው ይሞታል እንጂ አይፋታም።»

ግሌንዳ በመስኮት ብቅ ብላ «አንተ ሸርማን፣ ሚስትህ ብትሰማህ ሁለቱንም ታሳይሃለች» አለችው።

ኮይ ግን ቢላውን አጠፈና አሰበ። «ሰውየው የጨዋ ልጅ ነው?» አለኝ። እናቱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበረች አልኩት፤ ስም አልጠራሁም። «እንግዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ድልድዩን ተሻገሪ።»

ነገሩ እንዲህ ነው እትዬ። ጋዜጣችን በየሐሙሱ ‹ከፍርድ ቤት ደጃፍ› የሚል ዓምድ እንደነበረው ያውቃሉ። የማን ውሻ ማንን ነከሰ፣ ማን ሰክሮ ተቀጣ፣ ማን ከማን ተፋታ፣ ሁሉም ይወጣል። አሁንም አለ፤ እኔም ከዚያ ነው የምጀምረው። በዚያ ዘመን ስም ያለው ሰው እዚህ አይፋታም ነበር። ጠበቃው ወንዙን አሻግሮ ዳርንል ካውንቲ ውስጥ አንድ ክፍል ይከራይለታል። ሰውየው አንድ ሸሚዝ መስቀያ ላይ ይሰቅላል፤ በሕግ ፊት የዳርንል ነዋሪ ሆነ ማለት ነው። የዳርንልን ጋዜጣ ደግሞ እዚህ ማንም አያነብም።

«የዳርንል ሰዎችስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እነሱ እዚህ እየመጡ ይፋቱ ነበር» አለ ኮይ። «ድልድዩ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣ እናነሳለን፤ ‹ለገበያ ነው?› ‹ለገበያ ነው› እንባባላለን።»

ሸርማን ሳቁን መያዝ አልቻለም። ኮይ ራሱ ለገበያ ሄዶ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በሚቀጥለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዳርንል እሄዳለሁ።

ኦኒታ


ግልዲንግ ኮቭ
ኤፕሪል 22 ቀን 1994

ለኦኒታ፣

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ድልድዩንም ያጽናልሽ።

እንዴት እስካሁን አልመጣልኝም? እናቱ በሐሙስ ጋዜጣ ላይ የልጇን ስም ከማየት ኦርጋኑን ብትሸጠው ይሻላት ነበር። ሂጂ፤ እዚያ ነው ያለው። ለአምብሮስ ሳነብለት «ሸሚዝ ሰቅሎ መፋታት? እዚህማ ሸሚዝ ከሰቀልሽ ነፋስ ነው የሚወስደው» አለ።

የመንደሩ ሴቶች ኬኩን ጋግረውታል። እዚህ የሠርግ ኬክ ጥቁር ነው፤ ሮም በሚባል አረቄ አርሰው በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡታል፣ በየሳምንቱም ትንሽ ያጠጡታል። ኬኩ ሲዘገይ ይጣፍጣል። ሙሽራው ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስለሱ እንደዚያ ማለት አልችልም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ጀምሬ ነበር። ተዪው።

አርቬላ


ሃስኬት
ሜይ 30 ቀን 1994

ለእትዬ አርቬላ፣

እግዚአብሔር ልብዎን ያበርታ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዳርንል የሄድኩት በዚህ ወር መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

መዝገቡን አግኝቼዋለሁ። ሮይስ ቲግ ከሳሽ፣ አርቬላ ቲግ ተከሳሽ ይላል። ክሱ አለ። እርስዎ የፈረሙት ወረቀትም አለ፤ ፊርማዎ በየገናው ካርድ ላይ እንደማየው ነው፣ ጭራው ረጅም። ከዚያ በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ ገጽ አጭር ናት። ከሳሽ ክሱን ስላነሳ መዝገቡ ተዘግቷል ትላለች። ውሳኔ የለም። የዳርንል መዝገብ ቤት ሰውዬ ሌላ ቦታ ይኖር እንደሆነ ብሎ ደግሞ ደጋግሞ ፈለገልኝ፤ ጨዋ ሰው ነው። የለም።

እትዬ፣ አልተፋታችሁም። በሕግ አሁንም የሮይስ ቲግ ሚስት ነዎት።

ሁለተኛውንም ልናገር፤ ይህን ይዤ ዝም ማለት አልችልምና። ጋሽ ሮይስ አሉ። አላገቡም። የሚኖሩት በዚያው ቤት ነው፤ እናታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ቢላና መቀስ እየሳሉ ነው የሚተዳደሩት፤ የወጥ ቤታችንን ቢላዎች የሚስሉልን እሳቸው ናቸው። በየሳምንቱ አያቸዋለሁ። እንዳልነግርዎ ስላዘዙኝ ነው ዝም ያልኩት እንጂ በየደብዳቤው ልጽፈው ብዬ ብዕሬን ስመልስ ነበር።

ካልፈቀዱልኝ አልጠይቃቸውም። ከፈቀዱ ግን ከሳቸው ሌላ የሚያውቅ የለም።

ኦኒታ


ግልዲንግ ኮቭ
ጁን 10 ቀን 1994

ኦኒታ፣

ሰላም ለቤትሽ። ደብዳቤሽን ፖስታ ቤት ቆሜ አነበብኩት። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ወንበር እስክታመጣልኝ ድረስ ሳቅሁ። ከተቀመጥኩ በኋላ አልሳቅሁም።

ለአምብሮስ መጀመሪያ በማይሰማው ጆሮው ነገርኩት፤ ልምምድ እንዲሆነኝ። ከዚያ በሌላው ነገርኩት። ሹራቡን አስቀመጠና «እንግዲያ የሰው ሚስት ነው የማሽኮረምመው? በዚህ ዕድሜዬ ስሜ ሊነሳ ነው?» አለ። ሹራቡን መልሶ አንስቶ «ታዲያ ልትሄጂ ነው?» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያነሳ። ጅል አትሁን አልኩት። ማታ ግን ሁለታችንም እራታችንን አልጨረስንም።

ሠርጉን አራዝመናል። ካፕሊኑ ቀድሞ ሊመጣ ነው፤ ወፎቹ ተሰብስበዋል።

ጠይቂው። ለምን ብለሽ ጠይቂው። ብቻ አትለማመጪው።

አርቬላ


ሃስኬት
ጁን 27 ቀን 1994

ለእትዬ አርቬላ፣

ቸር ያሰማዎ። እኔም የማሰማዎ ቸር ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ቢላ ይዤ ሄድኩ። ቢላዎቹ ስለት ነበራቸው፤ ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም። ጋሽ ሮይስ በረንዳው ላይ ሆነው የመሳያውን መንኮራኩር በእግራቸው ያዞራሉ። ቢላዬን በአውራ ጣታቸው ሞክረው «ይሄማ ስለታም ነው» አሉኝ። ያኔ መናገር ግድ ሆነብኝ።

«አርቬላ ልካኝ ነው» አልኩ።

መንኮራኩሩ ቆመ። «ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ልታገባ ነው።»

«አግብታ የለም እንዴ?»

«ማንን?»

«እኔን» አሉ። ወዲያው ጆሯቸው ቀላ። «ደርሰሽበታል ማለት ነው።»

«ዳርንል ሄጄ ነበር።»

«እንግዲያ ድልድዩን ያልተሻገረ የለም» ብለው ወንበር ሳቡልኝ። የነገሩኝን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

«ጠበቃው ምን እንደምል አስጠንቶኝ ነበር። ‹ጨካኝ ናት በል፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፤ ዳኛው ራሱ ያውቃል› አለኝ። ታዲያ ዳኛው እጄን መጽሐፉ ላይ አስጫነኝና ‹ሚስትህ ምን በደለችህ?› አለኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።»

«ምን አሉት?»

«በእራት ሰዓት ትስቃለች አልኩት።»

ጋሽ ሮይስ ቢላዬን እያገላበጡ ቀጠሉ።

«ዳኛው ‹መሳቅ በዚህ አገር ሕግ በደል አይደለም። ሌላስ?› አለ። ጠበቃው እግሬን ይረግጠኛል። ሌላ የለም አልኩ። አልነበረማ። ክሱን አነሳሁ፣ ሸሚዜን ከተከራየሁት ክፍል አወረድኩ፣ መጣሁ።»

«ታዲያ ለምን አልቋል ብለው ጻፉላት?»

መንኮራኩሩን እንደገና አዙረው ቢላዬን መሳል ጀመሩ፣ የማያስፈልገውን። «አልቆ ነበር፣ ኦኒታ። እሷ ሄዳለች። ወረቀቷ ብቻ ናት የቀረችው። እሷን ወንጅዬ መማል አቃተኝ፤ መማል አቃተኝ ብዬ መጻፍ ደግሞ አሳፈረኝ። ሌላ ሰው ልታገባ ስትል ያኔ ትጠይቀኛለች እል ነበር። አልጠየቀችም። እኔም ዓመቱ እየጨመረ በሄደ ቁጥር አፌ ከበደኝ።»

«ለእናትዎስ?»

«ተፋታሁ አልኳት። መሄዴን እንጂ ምን ይዤ እንደተመለስኩ ማን ያያል?»

ከዚያ ግሌንዳን ጠየቅኋት። አሁን ሕጉ ሌላ ነው፤ ከሳሽ የለም፣ ተከሳሽ የለም። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ትፈርማላችሁ፣ ዳኛዋ ታጸድቃለች። እርስዎ እዚያው ማኅተም ባለው ሰው ፊት ምለው ፈርመው ቢልኩ ይበቃል። ጋሽ ሮይስን ጸጥ እንዲል ዳርንል ይሻላል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የለም» አሉ። «ሸሚዝ አልሰቅልም። እዚሁ፣ በዋናው በር እገባለሁ።»

«ሐሙስ ይወጣል፣ ጋሽ ሮይስ።»

«ይውጣ። እኔም አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ ልውጣ።»

ወረቀቱ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ምልክት ያደረግሁበት ቦታ ላይ ነው የሚፈርሙት። እባክዎ አሁን አንብበው ይፈርሙ።

ኦኒታ


ግልዲንግ ኮቭ
ጁላይ 12 ቀን 1994

ኦኒታ ልጄ፣

ቃሉን ያደረሰልኝ አፍሽ አይጉደል።

አነበብኩ፣ ፈረምኩ። ማኅተም ያለው ሰው እስኪመጣ ነው የዘገየው፤ ካፕሊን ሲጠብቅ ነበር፣ ወረቀቱም ዓሣ ዓሣ ቢሸት ግሌንዳን ይቅርታ ጠይቂልኝ። በእሱ ላይ ምንም አቤቱታ የለኝም ከሚለው ሥር ነው የፈረምኩት። ሳነበው እውነት መሆኑን አየሁ።

ያንን ደብዳቤሽን አምብሮስ ሁለት ጊዜ አስነብቦኛል። ሲያልቅ «ይሄ ሰው ዓሣ አጥማጅ ቢሆን ኖሮ ጀልባዬ ላይ እጭነው ነበር» አለ። ከአምብሮስ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ያኔ ልጠይቅሽ ጀምሬ የተውኩት፣ አለ ወይ የሚለውን ነበር።

አርቬላ


ሃስኬት
ኦገስት 19 ቀን 1994

ለእትዬ አርቬላ፣

የምሥራች። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ማኅተም ያለበት ግልባጭ አለ፤ ግሌንዳ ማኅተሙን ስትመታው ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ዘለለ። እንዳይታጠፍ በካርቶን አድርጌዋለሁ።

ጋሽ ሮይስ የቀብር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ደረጃው ላይ ሸርማንና ኮይ ከወንበራቸው ተነሱ፤ እነሱ ለማንም ሲነሱ አይቼ አላውቅም። ኮይ ባርኔጣውን አነሳና «ለገበያ ነው?» አላቸው። ጋሽ ሮይስም ቀጥ ብለው «የለም፣ ልፋታ ነው» አሉት። የሸርማን እንጨት ከእጁ ወደቀ።

ዳኛዋ ወጣት ናት። ወረቀቱን አንብባ «አቶ ቲግ፣ ባለቤትዎ ላይ የሚያቀርቡት አቤቱታ አለ?» አለች።

«የለኝም» አሉ። ዳኛዋ ወደ ፊርማው ስትሄድ «ያኔም አልነበረኝም» ብለው ጨመሩ። ቀና ብላ አየቻቸው፣ ፈረመች።

ጋዜጣው ሐሙስ ወጣ። ቁራጩን ልኬልዎታለሁ። ያለ ፈቃድ ዓሣ አጥምዶ ከተቀጣ ሰውዬና ከሁለት ጎረቤታሞች የአሳማ ክርክር መሃል ናችሁ። ሮይስ ቲግ፣ አርቬላ ቲግ፣ በስምምነት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም ሰው ሊያጽናናቸው መጣ፤ እሳቸውም የሠርጉ ቀን እንደሆነ ሰው እጃቸውን እየዘረጉ ሰላም ሲሉ ዋሉ።

ስመለስ በረንዳቸው ላይ ጠሩኝ። ቢላዎቼን ሊመልሱልኝ መስሎኝ ነበር። «ስትጽፊላት አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አሉ። «አሁንም ትስቃለች ወይ?»

ይህንኑ ጠየቅሁዎት።

ኦኒታ


ግልዲንግ ኮቭ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1994

ለኦኒታ ልጄ፣

የእኔን ደስታ ያየ አምላክ ያንቺንም ያሳየኝ። ቅዳሜ አገባሁ። ቄሱ ወረቀቱን ከፊት አነበበ፣ ገልብጦ ከኋላ አየ፣ በማኅተሙ ላይ ጣቱን አሸ፤ ከዚያ አጋባን። ኬኩ ሮም ጠጥቶ ጠጥቶ እኛንም አሰከረን። አምብሮስ ያንን ሙሉ ልብስ ከውስጡ የራሱን ሹራብ ደርቦበት ነው የመጣው፤ እኔም የኔን በቀሚሴ ላይ ለብሼ ቆምኩ፣ አንደኛው እጅጌ እስከ ጣቴ። አንዲት አሮጊት «የአሜሪካ ፋሽን ነው» ስትል ሰማኋት።

የጋዜጣውን ቁራጭ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አምብሮስ ነው ምስማር ያመጣው።

ለሮይስ ንገሪልኝ። በእራት ሰዓት እስቃለሁ። የምቀመጠው አምብሮስ በማይሰማበት ጆሮው በኩል ስለሆነ በምን እንደሳቅሁ አያውቅም፤ ፊቴን ያይና ማንኪያውን አስቀምጦ አብሮኝ ይስቃል።

አርቬላ ፔሊ